ማነው የሚያሠቃይሽ?

ሳሌም መንደር ከቦስተን በስተሰሜን፣ ሳሌም ከምትባለው የወደብ ከተማ ጥቂት ገባ ብላ የተቆረቆረች የገበሬዎች ሰፈር ነበረች። ዛሬ ዳንቨርስ ትባላለች። አገሩ ማሳቹሴትስ ነው፤ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። ሰዎቹ ፒዩሪታን የሚባሉ፣ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሰንበትን ያከብራሉ፤ ልጆቻቸውን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲያነቡ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ ጎረቤት ሲታመም ያስታምማሉ፤ ሴት ስትወልድ የሰፈር እናቶች ተሰብስበው ያዋልዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1692 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እነዚሁ አንዱ ሌላውን ሲያዋልድና ሲያስታምም የኖሩ ሰዎች ጎረቤታቸውን ወደ ስቅላት መሩ። ከመጀመሪያው የእስር ማዘዣ እስከ መጨረሻው ስቅላት ሰባት ወር አልሞላም። ያን ያህል ያስፈራቸው ጭራቅ ግን አልነበረም።

ፍርሃቱ ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። በ1684 የቅኝ ግዛቲቱ መተዳደሪያ ቻርተር በንጉሡ ተሽሮ ስለነበር የማን ርስት በየትኛው ሕግ እንደሚጸና በእርግጥ የሚናገር አልነበረም። ከ1688 ጀምሮ በሰሜን በኩል፣ በሜይን፣ ከአገሩ ተወላጆች ከዋባናኪ ሕዝቦችና ከፈረንሳዮች ጋር ጦርነት ተከፍቷል። ቤታቸው የተቃጠለባቸውና ዘመዶቻቸው የተገደሉባቸው ስደተኞች ወደ ሳሌም አካባቢ ፈልሰዋል። በኋላ ከሳሾች ከሆኑት ልጃገረዶች አንዷ፣ በሰው ቤት የምታገለግለው መርሲ ሉዊስ፣ ወላጆቿን በዚያ ጦርነት ያጣች ናት። በጃንዋሪ 1692 ደግሞ ዮርክ የተባለችው የሜይን ሰፈር ተወርራ ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ተማረከ።

በመንደሩ ውስጥም ሰላም አልነበረም። ሰፊ መሬት የነበራቸው የፑትናም ቤተሰቦች መንደራቸው ከወደብ ከተማዋ ተለይታ የራሷ ቤተ ክርስቲያን እንዲኖራት ሲፈልጉ ሌሎች አልወደዱም። በ1689 የመጣው ሰባኪ ሳሙኤል ፓሪስ በደመወዙና በማገዶ እንጨቱ ከምእመናኑ ጋር ተጣላ። በኦክቶበር 1691 አዲስ የተመረጠው የመንደሩ ኮሚቴ ለሰባኪው ደመወዝ የሚሆን ግብር አንሰበስብም ብሎ ወሰነ። ፓሪስም ሰይጣን በቤተ ክርስቲያን ላይ ስለመነሣቱ መስበክ አበዛ። ጠላት በውጭ፣ ቂም በውስጥ፤ የሚዳኝ ሕግ ደግሞ የላላበት ዘመን ነበር።

ሕመሙ የጀመረው በዚሁ ሰባኪ ቤት ነው። የ9 ዓመቷ ልጁ ቤቲና አብራቸው የምትኖረው የ11 ዓመቷ ዘመዱ አቢጌል ዊሊያምስ በጃንዋሪ አጋማሽ ገደማ ያልታወቀ ነገር ያዛቸው። ሰውነታቸው ይጣመማል፤ ወንበር ሥር ይገባሉ፤ ይጮኻሉ፤ የማይታይ ነገር ቆነጠጠን፣ ነከሰን ይላሉ። ጾምና ጸሎት ተያዘ፤ አልለቀቃቸውም። የተጠራው ሐኪምም መድኃኒት ቢያጣ ልጆቹ በክፉ እጅ ተይዘዋል አለ። በሽታው ምን እንደነበረ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የተበላሸ የአጃ እህል መርዝ ነው ያሉ አሉ፤ የጦርነት ድንጋጤ ነው ያሉ አሉ፤ ማስመሰል ነው ያሉም አሉ። እኔ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ልጅ መታመሙ መንደር አያፈርስም። መንደር ያፈረሰው ትልልቆቹ ሰዎች ከአልጋው ዙሪያ ቆመው የጠየቁት ጥያቄ ነው፦ ማነው የሚያሠቃይሽ?

ልጆቹ በመጀመሪያ ስም አልጠሩም። በፌብሩዋሪ 25 ሜሪ ሲብሊ የተባለች ጎረቤት የሰባኪውን ባሮች፣ ቲቱባንና ጆንን፣ አንድ የቆየ የመተት ማክሸፊያ እንዲሠሩ መከረቻቸው። የአጃ ዱቄት በልጆቹ ሽንት ተለውሶ ተጋገረና ለውሻ ተሰጠ፤ ውሻው ሲበላው ጠንቋዩ ይገለጣል ተብሎ ነው። በነዚያው ቀናት ስሞች መጡ። በሕመሙም ላይ የ12 ዓመቷ አን ፑትናምና የ17 ዓመቷ ኤልሳቤጥ ሃባርድ ተጨመሩ።

የእኛ ሰው «ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ጭስ እየታጠነ «ማነው የበላህ?» እየተባለ ሲጨነቅ፣ ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም የሸማኔው፣ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋ ስም ነበር። ስንት ባለ እጅ፣ ስንት ቤተ እስራኤል በዚህ ሰበብ ሲገፋ ኖሯል። በሽተኛው የሚጠራው ስም አስቀድሞ በጠያቂዎቹ ልብ ውስጥ ያለ ስም ነው። በሳሌምም የተጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች ሰው አስቀድሞ በክፉ ዓይን የሚያያቸው ነበሩ፤ ባሪያዋ ቲቱባ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች የምትለምነው ሣራ ጉድ፣ በባሏ ውርስ ምክንያት ከፑትናሞች ዘመዶች ጋር የተካሰሰችውና ታማ ከቤተ ክርስቲያን የቀረችው ሣራ ኦዝበርን። በፌብሩዋሪ 29 የእስር ማዘዣ ወጣባቸው።

ማርች 1 ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ምርመራው በሰፈሩ መጠጥ ቤት ሊካሄድ ታስቦ ነበር፤ ሰዉ ስለበዛ ወደ ጸሎት ቤቱ ተዛወረ። መርማሪዎቹ ጆን ሃቶርንና ጆናታን ኮርዊን ከወደብ ከተማዋ የመጡ ሹማምንት ናቸው። የሃቶርን አጠያየቅ በጽሑፍ ተመዝግቦ ቆይቷል። ሣራ ጉድን አድርገሻል ወይስ አላደረግሽም ብሎ አልጀመረም፤ ከየትኛው ክፉ መንፈስ ጋር እንደተዋዋለች፣ እነዚህን ልጆች ስለምን እንደምትጎዳ ነው የጠየቃት። ወንጀሉ ተፈጽሟል፣ ፈጻሚዋም እሷ ናት፤ የቀረው ምክንያቷን መናገር ብቻ ነው። እሷ ስትክድ ልጆቹ መሬት ላይ ይወድቃሉ። ሲወድቁ ክህደቷ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ተጨንቃ ተጨንቃ ልጆቹን የምታሠቃየው ኦዝበርን ናት አለች። ባሏ ዊሊያም ቀርቦ ሚስቴ ጠንቋይ ናት ወይም በቅርቡ ትሆናለች ብዬ እፈራለሁ ሲል መሰከረ። የእስሩ ማዘዣ በወጣ በማግሥቱ ሚስኪኗ ሚስኪኗን አሳልፋ ሰጠች፤ ባል ሚስቱን።

ከዚያ ቲቱባ ቀረበች። መጀመሪያ ካደች፤ ቀጥላ ተናዘዘች። ከቦስተን የመጣ ጥቁር ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው፣ ቢጫ ወፍ፣ ጥቁር ውሻ፣ ቀይና ጥቁር አይጥ፣ በእንጨት ላይ ተቀምጦ በሌሊት መጓዝ፣ ይህን ሁሉ ዘረዘረች። ጌታዋ ደብድቦ እንዳናገራት በኋላ ተናግራለች ተብሎ ተጽፏል፤ ባሪያ ለነበረች ሴት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ነገር ግን ከተናገረችው ሁሉ አንዷ ነገር የመንደሩን ዕጣ ወሰነች፤ የሰይጣን መጽሐፍ አይቻለሁ፣ በላዩ ላይ ዘጠኝ ምልክት አለ አለች። ዘጠኝ! ሦስቱ ታስረዋል። ስድስቱስ?

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያየው ከስድስቱ አንዱ ይሆን እያለ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ነገር እንደገና ተነሣ። ላሜ ወተቷ የደረቀው እሷ ባለፈችበት ማግሥት ነበር፤ ልጄ የሞተው ከእሱ ጋር በአጥር ከተጣላሁ በኋላ ነው፤ ይህን የመሰለ ነገር በቃለ መሐላ እየተጻፈ ለመርማሪዎቹ ቀረበ። በሰላሙ ጊዜ ተረስቶ፣ ይቅር ተባብለውበት የነበረ ቅያሜ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ተመለሰ።

ቀጥሎ የተያዙት የቤተ ክርስቲያኑ አባል ወይዘሮ ማርታ ኮሪ ናቸው፤ ልጆቹ የሚሉትን አላምንም ብለው ነበር። የገዛ ባላቸው የ80 ዓመቱ ጋይልስ ኮሪ ሳይቀሩ ሚስታቸው ሌሊት እሳት አጠገብ ተንበርክካ ምን እንደምትል አልሰማሁም የሚል ቃል ሰጡ። ሴት እሳት ዳር ተንበርክካ ብትጸልይስ?

በማርች 24 ወይዘሮ ርብቃ ነርስ ታሰሩ። 71 ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ከብዷል፤ ስምንት ልጆች አሳድገዋል፤ በደግነታቸው የታወቁ ናቸው። ከመታሰራቸው በፊት አንዳንድ ጎረቤቶች ሊያስጠነቅቋቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከታመሙ ሳምንት ገደማ ሆኗቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ርብቃ እንግዶቹ የመጡበትን ሳይነግሯቸው በፊት ስለታመሙት ልጆች ጠየቁ፤ እንዳዘኑላቸውና እንደጸለዩላቸው፣ በድካም ምክንያት ሄደው ሳይጠይቋቸው እንደቀሩ ተናገሩ። ከዚያ ስማቸው እንደተጠራ ሰሙ። ዝም ብለው ቆዩና በዚህ ነገር እንዳልተወለደ ሕፃን ንጹሕ ነኝ፤ ነገር ግን በእርጅናዬ ይህን መከራ ያመጣብኝ ያልተናዘዝኩት ምን ኃጢአት ይኖርብኝ ይሆን አሉ። በመንደሩ ከቀረው የድሮ ጨዋነት እኔ የማውቀው የመጨረሻው ትልቅ ምስል ይህ ነው፤ የሚከሷቸውን ልጆች ጤና የሚጠይቁ ሽማግሌ ሴት።

በዚያው ቀን ዶሮቲ ጉድም ተያዘች። የለማኟ የሣራ ጉድ ልጅ ናት፤ አራት ወይም አምስት ዓመቷ ነው። ስትጠየቅ እናቴ ትንሽ እባብ ሰጥታኛለች፣ ጣቴን ይጠባል ብላ የቁንጫ ንክሻ የመሰለ ቀይ ነጥብ አሳየች። የተማሩ፣ ልጅ ያሳደጉ ዳኞች ይህን ጽፈው በእናቲቱ ላይ ማስረጃ አደረጉት። ሕፃኗን በእግር ብረት አሰሯት። ያንን የብረት ማሰሪያ የሠራ ሰው እጅ እንዴት አልተንቀጠቀጠም እላለሁ።

ኤፕሪል 3 ቀን ፓሪስ ከዮሐንስ ወንጌል፣ ጌታ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ዲያብሎስ ነው ያለበትን ጠቅሶ ሰበከ። የርብቃ እኅት ሣራ ክሎይስ ተነሥታ ወጣች፤ በሩም ከኋላዋ ተላጋ። በቀናት ውስጥ ተከሰሰች። ሌላዋ እኅታቸው ሜሪ ኢስቲም ብዙ አልቆዩም። ጆን ፕሮክተር የተባሉ ገበሬ እነዚህን ልጃገረዶች ዝም ካልናቸው ሁላችንም ጠንቋይ እንባላለን፣ መገረፍ ነው የሚገባቸው ብለው ነበር፤ እሳቸውም ሚስታቸውም ታሰሩ። የቤታቸው አገልጋይ ሜሪ ዋረን ከከሳሾቹ አንዷ ነበረች። ተሽሎኛል ብላ ምስጋና አቀረበች፤ ሌሎቹም እያስመሰሉ ነው ብላ ተናገረች። ጓደኞቿ ወዲያው እሷንም ከጠንቋዮቹ ቆጠሯት። ታሰረች፣ ተመረመረች፣ በመጨረሻም ወደ ከሳሾቹ ወንበር ተመልሳ ጌታዋን ከሰሰች። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተረዳ፦ ከክሱ ውጭ የሚቆምበት ቦታ የለም፤ ወይ ከሳሽ ነህ፣ ወይ ተከሳሽ።

በሜይ ወር እስር ቤቶቹ ሞሉ። ሣራ ኦዝበርን በቦስተን እስር ቤት ሜይ 10 ሞተች። ሜይ 14 አዲሱ አገረ ገዥ ሰር ዊሊያም ፊፕስ አዲስ ቻርተር ይዞ ከእንግሊዝ ደረሰ፤ ወዲያውም በዋና ዳኛ ዊሊያም ስቶተን የሚመራ ልዩ ችሎት አቋቋመ። ሕግ ተመለሰ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር፤ የተመለሰው ሕግ ግን ፍርሃቱን ማኅተም አደረገለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠንቋይ አካሉ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ጥላው ወጥቶ ሰው ያሠቃያል ተብሎ ይታመን ነበር። ጥላውን የሚያየው የተጎዳው ሰው ብቻ ነው። ችሎቱ ይህን የጥላ ምስክርነት ተቀበለ። እንግዲህ ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ከአሥር ሰው ጋር ማሳ ላይ ነበርኩ ቢል ምን ይረባዋል? ጥላው ሌላ ቦታ ነበራ! ማንም ሊያፈርሰው የማይችል ማስረጃ በሕግ ፊት ሲጸና ንጹሕ ሰው የሚባል ነገር ይጠፋል። በጁን 2 የመጀመሪያዋ ተከሳሽ ብሪጅት ቢሾፕ ተፈረደባት፤ ጁን 10 ተሰቀለች። ከዳኞቹ አንዱ ናትናኤል ሳልተንስታል ከችሎቱ ለቀቀ። የቦስተን ሰባኪዎች አስተያየት ተጠየቁ፤ በጁን 15 በጻፉት ምላሽ በጥላ ምስክርነት ላይ ጥንቃቄ ይደረግ አሉ፤ በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ክሱ በፍጥነትና በብርታት ይቀጥል አሉ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ከእነሱ አንዱ፣ ኮተን ማዘር ነው። ዳኞቹ የወደዱትን የመጨረሻውን አንቀጽ ያዙ።

በጁን መጨረሻ የርብቃ ነርስ ተራ ደረሰ። 39 ጎረቤቶች፣ ፑትናሞች ሳይቀሩባቸው፣ በመልካም ጠባያቸው ምስክር ነን ብለው ፈርመው ነበር። በዚያ ወቅት ስም መፈረም ራስን ለክስ ማቅረብ እንደነበር ስናስብ እነዚህ 39 ሰዎች ሊከበሩ ይገባል። ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች ነጻ ናቸው አሉ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ፤ ልጃገረዶቹ ወደቁ። ስቶተን ፈራጆቹ አንድ ነገር እንዳላስተዋሉ ጠቆመ፤ አንዲት የተናዘዘች እስረኛ ልትመሰክር ስትገባ ርብቃ «ከእኛ አንዷ የነበረች» የሚል ቃል ተናግረው ነበር። ጠንቋይ ባልንጀራዬ ማለታቸው ይሆን? የፈራጆቹ አለቃ ጠየቃቸው። ርብቃ አልሰሙም፤ ጆሯቸው ከብዷል፤ ልባቸውም በሐዘን ተይዟል። ዝም አሉ። በዝምታቸው ተፈረደባቸው። በኋላ አብራኝ የታሰረች ማለቴ ነበር ብለው በጽሑፍ አስረዱ፤ የሰማቸው የለም። አገረ ገዥው ምሕረት ሰጥቶ መልሶ ነሣቸው። የሳሌም ከተማ ቤተ ክርስቲያንም እኒያን አሮጊት አምጥቶ በማኅበሩ ፊት አወገዛቸው።

ጁላይ 19 ቀን ርብቃ ከሣራ ጉድና ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ተሰቀሉ። የሣራ ጉድ የጡት ልጅ እስር ቤት ውስጥ ሞታለች።

ጆን ፕሮክተር በዚያው ሳምንት ከእስር ቤት ለቦስተን ሰባኪዎች ጻፉ። ወጣቶች እንዲናዘዙ አንገታቸው ከእግራቸው ጋር እየታሰረ ደም ከአፍንጫቸው እስኪወርድ መሠቃየታቸውን፣ የገዛ ልጃቸውም እንዲህ መደረጉን ገለጹ። ባልና ሚስቱ ታስረው ሳሉ የወረዳው ሸሪፍ ቤታቸውን ወረሰ። ከብቱን ነዳ፤ በርሜሉን ለመውሰድ ውስጡ የነበረውን ቢራ ደፋ፤ ድስቱን ለመውሰድ ሾርባውን አፈሰሰ። ቤት ውስጥ የቀሩት ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር በሰላም ጊዜ ቢደረግ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣ ነበር።

ኦገስት 19 ፕሮክተር፣ የቀድሞው የመንደሩ ሰባኪ ጆርጅ በሮውስና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተሰቀሉ። ጠንቋይ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይሳሳት ሊጨርስ አይችልም ይባል ነበር። በሮውስ ከመሰላሉ ላይ ቆሞ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ጨረሰው። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ስቅላቱ ሊቋረጥ ምንም አልቀረው። ኮተን ማዘር ከፈረሱ ላይ ሆኖ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣል ሲል ሕዝቡን አረጋጋ። ራሱ ሕዝቡ ያወጣው መመዘኛ ነጻ ሲያወጣው መመዘኛው ተጣለ።

ከተሰቀሉት አንዱ ጆርጅ ጃኮብስ የተባሉ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ከከሰሷቸው አንዷ የልጅ ልጃቸው ማርጋሬት ናት፤ ካልተናዘዝሽ ትሰቀያለሽ ተብላ። ስቅላቱ ሳይደርስ ቃሏን አነሣች፤ ዋሽቻለሁ፣ ሕሊናዬ አላሳርፍ አለኝ ብላ ጻፈች፤ ነፍሷን አስይዛ ነው። በሮውስንም ከሞቱ በፊት ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ይቅር ብሏት አብሯት ጸለየ። አያቷን ግን አላዳነቻቸውም።

በዚህ ጊዜ ፍርሃቱ ወደ አንዶቨር ተሻግሯል። አንድ ባል የታመመች ሚስቱን ማን እንደያዛት እንዲነግሩት የሳሌምን ልጃገረዶች አስመጣ። ልጃገረዶቹ የአንዶቨርን ሰው በስም አያውቁትም፤ ስለዚህ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሰዎች ዓይናቸው ተሸፍኖ የወደቁትን እንዲነኩ ተደረገ፤ ሲነኳቸው ሕመሙ ከቆመ ጠንቋይ ናቸው። ከየትኛውም ከተማ የበለጠ ሰው የተከሰሰው ከዚያ ነው። 40 ገደማ የእስር ማዘዣ የፈረመው የአካባቢው ዳኛ ደድሊ ብራድስትሪት ከዚህ በላይ አልፈርምም ሲል ራሱ ተከሰሰና ሸሸ። የአንዶቨር ሴቶች በኋላ እንደጻፉት ተናዘዙ እያሉ የለመኗቸው ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ነበሩ፤ የፈለጉት ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነው። በዚህ ችሎት በኑዛዜው የጸና አልተሰቀለም፤ የሚሰቀለው እውነቱን የያዘ ነው። ሳሙኤል ዋርድዌል የተባለው አናጢ ኑዛዜውን ስላነሣ ተሰቀለ። ውሸት ሕይወት፣ እውነት ሞት በሆነበት አገር የትኛው ጨዋ ሰው ጨዋ ሆኖ ይቆያል?

ጋይልስ ኮሪ በሚስታቸው ላይ በሰጡት ቃል ተጸጽተው ነበር ይባላል። ራሳቸው ሲከሰሱ በዚህ ችሎት አልዳኝም ብለው ዝም አሉ። በሴፕቴምበር 19 በእስር ቤቱ አቅራቢያ ባለ ሜዳ ላይ ደረታቸው ላይ ድንጋይ እየተከመረ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ ሚስታቸው ማርታ ከሜሪ ኢስቲና ከስድስት ሌሎች ጋር ተሰቀሉ። ሜሪ ኢስቲ ከመሞታቸው በፊት ለዳኞቹ አመልክተዋል፤ ስለ ራሴ ነፍስ አልለምንም፣ መሞቴን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ሌላ ንጹሕ ደም እንዳይፈስ የተናዘዙትን ለያይታችሁ መርምሩ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ በሳሌም በጥንቆላ ክስ ሰው አልተሰቀለም። 14 ሴቶችና 5 ወንዶች በገመድ፣ አንድ ሽማግሌ በድንጋይ፣ ቢያንስ አምስት ሰው ደግሞ በእስር ቤት አልቋል። የታሰሩት ከ150 በላይ ናቸው።

ያቆመው ምን ነበር? ስሙ የሚጠራው ሰው ከፍ እያለ መጣ፤ የአገረ ገዥው ባለቤት ስም ሳይቀር ተነሣ። ኢንክሪስ ማዘር የተባሉት ታላቅ ሰባኪ፣ የኮተን አባት፣ በኦክቶበር መጀመሪያ አንድ ንጹሕ ከሚሞት አሥር የተጠረጠሩ ቢያመልጡ ይሻላል አሉ። የቦስተኑ ነጋዴ ቶማስ ብራትልም የችሎቱን አሠራር የሚነቅፍ ደብዳቤ ጻፈ። ፊፕስ በኦክቶበር መጨረሻ ችሎቱን በተነ። በጃንዋሪ 1693 አዲስ ፍርድ ቤት ሲቀመጥ የጥላ ምስክርነት ቀረ፤ ቀሪዎቹ እስረኞች በሙሉ ማለት ይቻላል ነጻ ወጡ። የተፈረደባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ፊፕስ ስቅላታቸውን ሲያግድ ስቶተን ተቆጥቶ ችሎቱን ጥሎ ወጣ። አንዲት የማስረጃ ዓይነት በመቅረቷ ጠንቋዩ ሁሉ ጠፋ! ነጻ የወጡትም ቢሆኑ የእስር ቤቱን ቀለብና የእግር ብረቱን ዋጋ ካልከፈሉ አይለቀቁም ነበር። ቲቱባ የሚከፍልላት ሰው እስክታገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ታስራለች።

ጃንዋሪ 14 ቀን 1697 በማሳቹሴትስ የጾም ቀን ሆኖ ዋለ። ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ሲዎል በቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ጥፋቱንና ኀፍረቱን የሚቀበልበት ጽሑፉ በምእመናኑ ፊት ተነበበ። 12 ፈራጆችም ይቅርታ ጠየቁ። ስቶተን እስኪሞት፣ ሃቶርን እስኪሞት አልጠየቁም። ፓሪስ በዚያው ዓመት መንደሩን ለቀቀ። በምትኩ የመጣው ወጣት ሰባኪ ጆሴፍ ግሪን የነርስንና የፑትናምን ቤተሰቦች በጸሎት ቤቱ ወንበር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በ1706 አን ፑትናም፣ ያቺ የ12 ዓመቷ ልጅ፣ በማኅበሩ ፊት ቆማ ንጹሐንን በተለይም ርብቃ ነርስንና እኅቶቻቸውን በመክሰሷ ይቅርታ ጠየቀች። ከከሳሾቹ ልጃገረዶች በአደባባይ ይህን ያደረገች እሷ ብቻ ናት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አለች። እኔ ግን ያሳሳታት ጥያቄውን የጠየቋት አባቷና ዳኞቹ ናቸው እላለሁ።

ዶሮቲ ጉድ ከሰባት ወር በላይ በብረት ታስራ ወጣች። አባቷ በ1710 ለምክር ቤቱ ሲያመለክት ልጁ ከዚያ ወዲህ አእምሮዋ ራሷን የሚያስተዳድር እንዳልሆነ ጻፈ። 30 ፓውንድ ተከፈለው። በ1711 የ22 ሰዎች ፍርድ ተሻረ፤ ለቤተሰቦቻቸውም 578 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ተመደበ። ከተሰቀሉት የአምስት ሴቶች ስም በሕግ በይፋ የነጻው በ2001 ነው። ኤልሳቤጥ ጆንሰን የተባለች የአንዶቨር ሴት በ22 ዓመቷ፣ በ1693 ከተፈረደባቸው ከሦስቱ አንዷ ነበረች፤ ባትሰቀልም ስሟ ከዝርዝሩ ቀርቶ ነበር። የሰሜን አንዶቨር የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው መዝገቡን አገላብጠው ጉዳይዋን ለሕግ አውጪዎች አቀረቡ። ማሳቹሴትስ ኤልሳቤጥ ጆንሰንን ከጥንቆላ ወንጀል ነጻ ያደረጋት በ2022፣ ከተፈረደባት ከ329 ዓመት በኋላ ነው።